ሁለት ሰርቨሮች ሲጠባበቁ

ከአሥር ዓመት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁለት የሊኑክስ ሰርቨሮች ነበሩን፤ አንደኛው የሠራተኛውን ፋይል ይይዛል፣ ሁለተኛው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይቀበላል። እያንዳንዱም የሌላውን ዲስክ በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ ዘዴ) ማውንት አድርጎ፣ ማለትም እንደ ራሱ ዲስክ አገናኝቶ ነበር። እንዲህ ያዋቀርኳቸው እኔ ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሣ ቢለን፣ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ሳያልቅ ብዬ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዲዘጉ አዘዝኳቸው። ሁለቱም አስቀድመው የየራሳቸውን የኤንኤፍኤስ አገልግሎት አቆሙ፤ ቀጥሎ የሌላውን ዲስክ ለመንቀል ሲሞክሩ መልስ የሚሰጣቸው አጡ። ማውንቱ «ሃርድ» የሚባለው ዓይነት በመሆኑ ጠያቂው ማሽን ስሕተት ብሎ አይተውም፤ መልስ እስኪያገኝ ይጠይቃል። ስለዚህ አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም አንደኛውን እየጠበቀ ቀጥ አለ። ዩፒኤሱ ይጮኻል።

ወጣቱ ባልደረባዬ በአንደኛው ሰርቨር ላይ በተከፈተው ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ዲኤፍ የሚለውን የዲስክ ቦታ ማሳያ ትእዛዝ ጻፈ፤ ዲኤፍ እያንዳንዱን ማውንት ስለሚጠይቅ፣ የማይመልሰውንም ጠየቀና ተርሚናሉ እዚያው ቀረ። «ተወው፣ በሌላ ተርሚናል ፕሮክ ማውንትስን አንብብ» አልኩት፤ ያ የማውንቶች ዝርዝር ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ስለሚመጣ ኔትወርክ አይነካም።

እኔ ደግሞ ተጣድፌ በአንደኛው ሰርቨር ላይ ዩማውንት የሚባለውን የመንቀያ ትእዛዝ በኤፍ (አስገዳጅ) አማራጭ ሰጠሁ። ይህ በመጠበቅ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይሰርዛል፤ የባክአፑ ስክሪፕት ግን ማውንቱ ውስጥ ስለነበረ «በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። ከሊኑክስ 2.6.25 ስሪት ወዲህ ኤንኤፍኤስን የሚጠብቅ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ኪል 9 በሚባለው የግድያ ትእዛዝ ስለሚሞት ስክሪፕቱን ገደልኩትና ትእዛዙን ደገምኩት፤ ተነቀለ። ኤል የሚለውን አማራጭ ያልመረጥኩት ማውንቱን ከዓይን ቢሰውርም የያዘው ፕሮሰስ ከበስተጀርባ ስለሚቀር ነው። ያን ያህል አስቤ ዋናውን ግን ሳትኩት፦ ገና ወደ ባክአፑ ያልተጻፈው ዳታ ያለው በዚያው ማሽን ላይ ነበር። በማግስቱ የባክአፑ ፋይል ተቆርጦ ተገኘ።

ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ የኤንኤፍኤስ አገልግሎቱን መልሼ ባስነሣ ኖሮ አንደኛው ዳታውን ጽፎ ጨርሶ በሰላም ይዘጋ ነበር፤ ማስገደድ የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ለሚያደርገው ለሁለተኛው ወገን፣ ለባክአፕ ሰርቨሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ባክአፕ ሰርቨሩ የፋይል ሰርቨሩን ዲስክ የያዘበትን ማውንት አስወገድኩ፤ የመዝጊያውን ቅደም ተከተልም ፋይል ሰርቨሩ መጀመሪያ፣ ባክአፑ ቀጥሎ ብዬ በወረቀት ጽፌ ራኩ (የሰርቨሮቹ መደርደሪያ) ላይ ለጠፍኩት።