«ቶዮታ ካልሆነ አትግዢ» እየተባልኩ ያገለገለ ሃዩንዳይ የገዛሁበት መንገድ

እኛ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በመኪና ጉዳይ ድርድር አናውቅም። ቶዮታ የገዛ ይመረቃል፣ ሆንዳ የገዛ ዝም ይባላል፣ ሃዩንዳይ ልገዛ ነው ያለ ግን ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክረዋል። እኔ በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያገለገለች ኤላንትራ ለመግዛት ስነሣ የሰማሁት ምክር ብዙ ነበር። አንዱ ሞተሯ ይነክሳል (ደርቆ ይቆማል) አለኝ፣ ሌላዋ ሌቦች በደቂቃ አስነሥተው ይወስዷታል አለችኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምክንያት ሳይሰጥ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ምክሩን አልናቅሁትም። ሥራዬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕሙማንን መንከባከብ ነው። መኪናዬ አንድ ጠዋት አልነሣ ካለች ቁስሉ የሚታጠብለት ሰው ይጠብቀኛል፣ መርፌዋ ሰዓት የሚያልፍባት እናት ትኖራለች። ነገር ግን ዓመታቸውና የነዱት ርቀት ተቀራራቢ የሆኑ የቶዮታ ኮሮላና የሃዩንዳይ ኤላንትራ ሳወዳድር የዋጋ ልዩነቱ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለብረቱ ነው ወይስ ለስሙ? መጀመሪያ የፈለግሁት የዚህን መልስ ነው።

የሃዩንዳይ መጥፎ ስም ሥሩ ሩቅ ነው። ኩባንያው በ1986 ኤክሴል የምትባለውን መኪና ወደ አሜሪካ ሲያስገባ ዋጋዋ 4,995 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ168,000 በላይ ተሸጠች። አዲስ መኪና በዚያ ዋጋ ያገኘ ሰው ደስታው ብዙ አልቆየም፤ መኪናዋ ቶሎ ቶሎ ትበላሽ ነበር፣ ዝገቱም አይጣል ነው። በ1998 የኩባንያው የአሜሪካ ሽያጭ በዓመት ወደ 90,000 ገደማ ወርዶ ነበር። የቴሌቪዥኑ ቀልደኛ ዴቪድ ሌተርማን ጠፈርተኞችን ማስደንገጥ ከፈለጋችሁ መቆጣጠሪያ ሰሌዳቸው ላይ የሃዩንዳይን ምልክት ለጥፉ ያለው በዚያ ዘመን ነው።

ከዚያ ኩባንያው ደፈረ። በ1998 ማብቂያ ላይ ለሞተርና ለካምቢዮ የአሥር ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ሰጠ። ማንም የማያምነው ፋብሪካ ሰው እንዲያምነው ቃሉን በራሱ ኪስ አስያዘ ማለት ነው፤ መኪናው ከተበላሸ ከሳሪው ራሱ ነውና መሐንዲሶቹ እንቅልፍ ማጣት ነበረባቸው። በ2004 የመኪና ባለቤቶችን አስተያየት የሚያጠናው የአሜሪካ ድርጅት ጄ.ዲ. ፓወር ባወጣው የአዳዲስ መኪኖች ጥራት መለኪያ ሃዩንዳይ ከሆንዳ ጋር እኩል ሁለተኛ ወጣ፤ ከፊቱ የነበረው ቶዮታ ብቻ ነው። በ2005 አላባማ ውስጥ ሞንትጎመሪ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። የ2011 ሞዴል ሶናታ ስትወጣ ትናንት የሳቁ ሁሉ ቆመው አዩዋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የ2004ቱ መለኪያ የሚጠይቀው ባለቤቶች በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ስላጋጠማቸው ችግር ነው። ዘጠና ቀን! እኔ የምገዛት መኪና ስድስት ዓመት የሆናት ናት። በሦስት ወር ውስጥ በሩ የሚንኳኳ፣ ሬዲዮው የሚቆራረጥ መኪና በዚያ መለኪያ ይወድቃል፤ በሰባተኛው ዓመት ሞተሩ የሚነክስ መኪና ግን በክብር ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ሽልማት በማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ ማንም ገዢ ስንት ወር ተለክቶ ነው ብሎ አይጠይቅም።

የሆነውም እሱ ነው። ያቺ የተደነቀች የ2011 ሶናታ ቴታ 2 የሚባል ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ነበራት። ሞተሩ በፋብሪካ ሲመረት ከዋናው ዘንግ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ የብረት ብናኝ በደንብ ሳይጸዳ ይቀር ነበር። ብናኙ ዘይቱን ይዘጋል፤ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ዘይት ሲያጣ መጀመሪያ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነክሳል፣ አንዳንዴም በአውራ ጎዳና ላይ እየተነዳ። በመስከረም 2015 ወደ 470,000 የሚጠጉ ሶናታዎች ለጥገና ተጠሩ፤ በ2017 የእህት ኩባንያውን የኪያን መኪኖች ጨምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጨመሩ። ኪም ጓንግ ሆ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ችግሩ በቂ ትኩረት አላገኘም ብሎ መረጃውን ለአሜሪካ መንግሥት ይዞ ቀረበ። በ2020 ሃዩንዳይና ኪያ እስከ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ተስማሙ፤ በተከታዩ ዓመት መሐንዲሱ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸለመ።

ስርቆቱም ወሬ ብቻ አልነበረም። እስከ 2021 ድረስ በቁልፍ ተጠምዝዘው የሚነሡ ብዙ የሃዩንዳይና የኪያ መኪኖች፣ ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩን የሚያግደው ኤሌክትሮኒክስ አልተገጠመላቸውም ነበር። ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ ሲዛመት ጎረምሳው ሁሉ ሌባ ሆነ። ኩባንያዎቹ በየካቲት 2023 ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ ማቅረብ ጀመሩ፤ የሚመለከታቸው መኪኖች ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ስለ ስም ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ሰው በ2011 ሃዩንዳይ ተሻሻለ እያለ ሲያወድስ ብናኝ ያለባቸው ሞተሮች ከፋብሪካው እየወጡ ነበር። በ2023 አትግዢ ሲለኝ ደግሞ የሚያወራው ከአሥር ዓመት በፊት ስለተሠሩት ነው። ስሙ ከመኪናው ሁልጊዜ ብዙ ዓመት ወደኋላ ቀርቶ ይመጣል። በጎውም ስም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩ ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ዘይት በመጨረስ የታወቁ ስለነበሩ ቶዮታ ራሱ ለእነሱ ተጨማሪ የዋስትና ሽፋን ሰጥቷል። ይህን ስናገር ከአጎቴ ጋር ለጥቂት ጊዜ ተኳርፈናል።

ስለዚህ ምልክቱን ትቼ ሞተሩንና ዓመቱን ማደን ጀመርኩ። ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያዋጣኝ ሶናታ ነበር። ስሟ በመጥፋቱ ከሁሉም ረክሳለች፤ ከዚህ በላይ በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት መሠረት ከ2011 እስከ 2019 የተሠሩት የቴታ ሞተር ያላቸው ሶናታዎች፣ ማንኳኳቱን ቀድሞ የሚለየው ሶፍትዌር ከተጫነላቸው፣ ለዚያ ብልሽት የዕድሜ ልክ የሞተር ዋስትና አላቸው። ዋስትናው ለሁለተኛው ባለቤትም ያልፋል። ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ወስዳት ነበር። ግን ዋስትና ሞተሩን ይከፍላል እንጂ ተተኪው ሞተር እስኪመጣ ድረስ እኔን ከታካሚ ወደ ታካሚ አያደርሰኝም። የመረጥኳት የ2017 ኤላንትራ ናት፦ ባለ 2 ሊትር፣ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የማይረጭባት፣ የቴታው ጥሪ የማይመለከታት። በቁልፍ ሳይሆን በአዝራር የምትነሣዋን ለይቼ ፈለግሁ፤ አዝራር ያላቸው የሞተር ማገጃው ስላላቸው የቲክቶኩ ዘዴ አይሠራባቸውም። መድን ሰጪውም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። አሥራ ሰባት ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ስታስገቡ ለዚያች መኪና ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ ካለ በነፃ ይነግራችኋል። በዚሁ ገጽ የባለቤቶች አቤቱታ በሞዴልና በዓመት ተለይቶ ይገኛል። እዚያ ላይ ቁጥሩን አትመኑት፤ ብዙ የተሸጠ መኪና ብዙ አቤቱታ ይኖረዋል። እኔ የማነበው ጽሑፉን ነው። አምስት ሰዎች ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ድምፅ፣ ተመሳሳይ ማይል ላይ ከገለጹ እሱ ነው በሽታው። የሕክምና ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከምርመራው በፊት የታካሚውን ታሪክ መስማት እወዳለሁ።

ሁለት መኪኖች በዚህ ደረጃ ወደቁ። ሦስተኛዋን ለማየት ስሄድ ለሻጩ ቀድሜ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከመምጣቴ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣ። አብረውኝ የመጡት ጋሼ አዲስ አበባ ጎተራ አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው፣ አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚሠሩ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነበር። «አስነሺው ልጄ» አሉኝና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን በባትሪ አዩ፤ የተጋገረ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ባለቤቱ ዘይት ሳይቀይር ሲነዳ ኖሯል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ፣ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቆመው ጭሱን ተመለከቱ፣ በመጨረሻም ለብቻዬ ጠርተው «የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ካለው ውሰጃት፤ ከሌለው ግን እኔም እግዜርም አናውቅልሽም» አሉኝ። ደረሰኙ ነበረ።

ሻጩ ዋጋ ስንነጋገር የአሥር ዓመቱን ዋስትና አነሣ፦ መኪናዋ እስከ 2027 በዋስትና ሥር ናት አለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የአሥር ዓመቱ ዋስትና የመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። መኪናዋ በተራ ሽያጭ ሁለተኛ እጅ ስትገባ የሚተርፋት ከአምስት ዓመቱ ወይም ከ60,000 ማይሉ ያላለቀው ብቻ ነው፤ የእኔዋ ደግሞ አምስት ዓመቷን ጨርሳለች። ሙሉውን ለሁለተኛ ባለቤት የሚያቆዩት በሃዩንዳይ አከፋፋዮች ተመርምረው የምስክር ወረቀት የተሰጣቸው መኪኖች ናቸው፤ እነሱም ዋጋቸው ከፍ ይላል። ሻጩን ያልከውን በወረቀት ጻፍልኝ አልኩት። ስለ ጎማዎቹ ማውራት ጀመረ። እኔም ስለ ዋጋው ማውራት ጀመርኩ፤ ያለ ዋስትና የሚሸጥ መኪና ዋጋ ላይ ተስማማን።

አሁን የምከተለው ልማድ ጥቂት ነው። ነዳጅ ስቀዳ ዘይቱን አያለሁ፤ በየመንደሩ እየቆመች በአጭር ርቀት የምትነዳ መኪና ስለሆነች የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ለከባድ አገልግሎት በሚያዘው አጭር ጊዜ ዘይቷን እቀይራለሁ። ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ ማኅደር አስቀምጣለሁ፣ ዘይት ገዝተው ራሳቸው የሚቀይሩም የግዢውን ደረሰኝ መጣል የለባቸውም፤ የዋስትና ክርክር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። እስካሁን በመንገድ ላይ አላስቀረችኝም። ይህ ስለ አንዲት መኪና የተሰጠ ምስክርነት ስለሆነ ከዚያ በላይ እንዳይመዘን እፈልጋለሁ። የነከሰበት ሰውም ታሪኩን ሲነግረኝ የምጠይቀው ያንኑ ነው፦ የየት ዓመት ሞተር ነው? ከማን እጅ ገዛኸው? ዘይቱ በየስንት ይቀየር ነበር? ሦስቱንም የሚመልስልኝ ብርቅ ነው።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ይህን ሁሉ ጣጣዬን ስለሚያውቅ ያገለገለች የሃዩንዳይ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ኮና፣ አግኝቻለሁ፣ ምን ልጠይቅ ብሎ ደወለ። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ያቋቋመው ማራቶን ሞተር ሃዩንዳይን እዚያው መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ ስሙ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ፈላጊው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የእኔ የዘይት ትምህርት እዚያ ላይ አይሠራም። ሃዩንዳይ በ2021 በባትሪ እሳት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ80,000 በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን፣ አብዛኞቹን ኮና፣ ባትሪያቸውን ለመቀየር ጠርቶ ነበር። ባትሪዋ የተቀየረላት ኮና ካልተቀየረላት ትሻላለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተሠራችበት ዓመትና የባትሪው ወረቀት ነው አልኩት። የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፣ ግን ለሌላ ገበያ የተሠራች ስለሆነች የአሜሪካው ገጽ አያውቃትም። ሻጩ ባትሪውን በኮምፒውተር አስመርምሮ ውጤቱን እንዲያመጣ ወንድሜ ቀን ሰጥቶታል፤ ካላመጣ ሌላ መኪና ያያል።