29 አለኝ አልኩ

ጣሊያንኛ ልማር ፍሎረንስ ስገባ ግማሹን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አባቴ መካኒክ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የቀረኝ ማገጣጠም ብቻ ነው ብዬ ተነሣሁ። (በነገራችን ላይ ካንዴላ እዚህ ሻማም ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ካንዴላ 1 ዩሮ» የሚል አይቼ፣ በዚህ ዋጋማ ለአባቴ በደርዘን እልክለታለሁ ብዬ ነበር።)

አዲስ ቃል ስሰማ በራሳችን ፊደል ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ይሁን ከወሬው እንረዳለን። ጣሊያኖች ግን ሲያጠብቁ ፊደሉን ደርበው ይጽፋሉ። ካልደረብክ ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ስም፣ አገርና ዕድሜ ንገሩኝ አለች። ደብተሬን አየት አድርጌ በኩራት «ኦ ቬንቲኖቬ አኒ» አልኩ። «ኒ»ን አላልቼ። ሲጠብቅ «ዓመት» ነው። ሲላላ ግን ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ብቻ የተሰጠ፣ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ከሥር የሚሆን ነገር ነው። እኔ 29 አለኝ አልኩ። ስፔናዊቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ለካ በነሱም ቋንቋ ያው ነው። አስተማሪዋ ሳቋን እንደምንም ውጣ «ኮምፕሊሜንቲ!» አለችኝ። እንኳን ደስ አለህ እንደማለት።

ይህ የሆነው ደግሞ የትም አይደለም። ገጣሚው ዳንቴ የተወለደበት፣ የቋንቋ ተቋሙ አካዴሚያ ዴላ ክሩስካ ያለበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1612 የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት እነሱ ናቸው። ክሩስካ ማለት ፉርሽካ ነው። ሥራቸው ቋንቋውን እንደ ዱቄት መንፋት ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረሁት ፉርሽካ እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ማጥበቅ ጀመርኩ።

ጥር ላይ ፀጉሬ አድጎ ከአርኖ ወንዝ ማዶ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ብርድ ስለነበር የሱፍ ኮፍያ አድርጌያለሁ። ደብተሬ «ፀጉር፦ ካፔሊ» ይላል። ወንበሩ ላይ ተደላድዬ «ካፔሊ» ልቆረጥ ነው የመጣሁት አልኩ፤ «ፔ»ን ጥርሴን ነክሼ አጥብቄ። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አነሡና መቀሱን ከፍተው «ዳቬሮ?» አሉኝ። የምርህን ነው?

«ሲ፣ ሲ! ሞልቶ ኮርቶ!» በጣም አጭር ይሁን።

ተራ የሚጠብቁት ሦስት ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን አስቀመጡ። ሲጠብቅ «ኮፍያዎች» ነው ለካ።

ሳቃቸው ሲበርድ ፀጉሬን ያዝ አድርገው «ኢ ኻፌሊ!» ብለው አረሙኝ። ይሄኔ ጭራሽ ጠፋሁ። የፍሎረንስ ሰው በአናባቢ መካከል ያለን «ከ» «ኸ» ነው የሚያደርገው፤ «ፐ»ም ወደ «ፈ» ትሄድበታለች። ኮካ ኮላን እንኳ «ላ ኾኻ ኾላ» ይሉታል። መንዝ ያለችው አያቴ «ኸዚያማ፣ ኸቤት ስወጣ» ስትል «አያቴ፣ ከ በይ እንጂ» እያልኩ አርማት ነበር። ፍሎረንስ ብትመጣ በሳምንት ከኔ ትበልጥ ነበር።

ፀጉሬን ግን አሳምረው ቆረጡኝ። ኮፍያዬንም ሳይነኩ መለሱልኝ። መክፈያውን ልጠይቅ ብዬ ደብተሬን ሳይ «ካሳ» ይላል። ይጥበቅ ይላላ? ማጥበቅ አሁን ጉድ አድርጎኛል። አላላሁት።

«ዶቬ ላ ካሳ?»

ቤቱ የት ነው ማለቴ ነበር ለካ።

ሽማግሌው ጨርቁን እያራገፉ «ያንተ ነው የኔ?» አሉኝ።