ራሴን የለኩልኝ ልብስ ሰፊ

አምና ዱባይ ወንድሜ ጋ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ጥቁር ሄልሜት ነበር። ከደሴ ገበያ የገዛሁት የሞተር ሄልሜት። ወንድሜ እዚያ ሹፌር ነው። ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው የገዟት ቶዮታ 86 የምትባል አሮጌ የስፖርት መኪና አለቻቸው፤ በእረፍት ቀናቸው ትራክ በሚባለው የእሽቅድምድም መንገድ ላይ ይነዷታል። ውድድር አይደለም። ከፍለህ ትገባለህ፣ ሰዓትህ እስኪያልቅ ትዞራለህ።

እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሰው መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ ነድቼ አላውቅም። የደሴ–ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ሐረጎን የሚያውቅ ምክንያቱን ያውቀዋል። ከደሴ ሲወረድ ከኩርባው ጀርባ ያለው ሲኖትራክ ይሁን አህያ አይታወቅም።

ትራኩ በር ላይ ሄልሜት የሚያይ ሰውዬ አለ። የእኔን ተቀበለኝና ገለበጠው። ውጪውን ዞር ብሎም አላየውም። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ስቲከር ፈለገ። የለም። ፎሙን በጣቱ ለካ፤ ከጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ከኋላ «ዶት» የሚል፣ የአሜሪካን የመንገድ ደረጃ ያሟላል የሚል ስቲከር አለ ብዬ አሳየሁት። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ተላጠ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

በኪራይ ሌላ ሰጡኝ። ሰፊ ነው፣ የሌላ ሰው ላብ አለበት። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ ይወርዳል። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ሄልሜት ይዤ ነው የነዳሁት ማለት ይቻላል። ሃያ ደቂቃዬ እንዲሁ አለቀ።

ስመለስ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ሰውዬው ጨርቁን ገልጦ የፈለገው የስኔልን ስቲከር ነው። ፒት ስኔል የመኪና እሽቅድምድም የሚወድ ሰው ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ውድድር ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሄልሜት አድርጓል፣ ሄልሜቱ ግን አላዳነውም። አብረውት የሚነዱ ጓደኞቹ በዓመቱ በስሙ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ እስከ ዛሬ ሄልሜት እያጋጨ ይፈትናል።

ስኔል የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። አጠገቡ ያለውን ፊደል ማየት ነው። ኤም ካለ የሞተር ነው፣ ኤስኤ የመኪና፣ ኬ ደግሞ ካርት የምትባለው የትንሿ መወዳደሪያ መኪና። እኔ «ራስ ያው ራስ አይደል?» ባይ ነበርኩ። አይደለም። ሞተረኛ ሲወድቅ ከሞተሩ ተለይቶ አስፋልት ላይ ይንከባለላል። የመኪና ነጂ ግን ቀበቶ አስሮት እዚያው ነው። ራሱ የሚጋጨው በዙሪያው ካለው ብረት ጋር ነው፤ አንዳንዴም አንዱን ቦታ ደጋግሞ። እሳት ከተነሳ ደግሞ ዘሎ አይወርድም። ስለዚህ ኤስኤ የሮል ኬጅ፣ ማለትም መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው የብረት አጥር ዓይነት ብረት ላይ እየተደጋገመ ይመታል፣ በእሳትም ይፈተናል። ኤም እነዚህ ሁለቱ ፈተናዎች የሉበትም። የኤስኤ የዓይን መስኮት ግን ጠበብ ማለት ይፈቀድለታል። ከግራም ከቀኝም ባጃጅ ለሚመጣበት የእኛ ሞተረኛ እሱ አይሆንም።

ለመዝናኛ ቀን ኤምን የሚቀበሉ ትራኮችም አሉ፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው። የኤስኤ ደረጃ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፦ 2015፣ 2020፣ 2025 እ.ኤ.አ.። ብዙ ቦታ የቅርቦቹን ሁለቱን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ቅናሽ ብሎ አሮጌ ዓመት መግዛት በር ላይ ያስቀራል። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር፣ የኤፍአይኤ ደረጃም አለ። 8860 የሚባለው የፎርሙላ ዋን ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ፎሙ ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ጋራዥ ወስጄ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ሄልሜት ውስጥ ያለውም ዘመዱ ነው፣ ጠንከር ያለ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎደጎደ፣ እንደጎደጎደም ቀረ። ሄልሜት የሚያድንህ እሱ ተጨፍልቆ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ አልቆለታል፤ ውጪው ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ከሰልባጅ ጃኬት እገዛለሁ፣ ሱሪ እገዛለሁ። ሄልሜት አልገዛም። ቀጥዬ ፎሙ ላይ ቤንዚን ጠብ አደረግሁበት። ሟምቶ ጉድጓድ ሆነ። ልጆቹ «ኧረ!» አሉ። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሁሉን ነገር የምንወለውል ሰዎች ነን እኮ። ሄልሜቴ ጋራዥ ውስጥ አይገባም።

ወንድሜ «ልክህን ላክልኝ፣ እገዛልሃለሁ» አለኝ። ሜትር ፍለጋ እናቴ ሰፈር፣ ደሴ ሸዋበር፣ ጀለቢያ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ።

«ለኮፍያ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ለጠንካራ ኮፍያ።»

ከቅንድቤ በላይ ሁለት ጣት ያህል ለቀው፣ በጆሮዬ በላይ አድርገው፣ ከኋላ ራሴ በሚገፋበት በኩል አዞሩት። ሦስቴ ለኩኝ። ሁለቴ 59 ሳንቲ ሜትር፣ አንዴ 58 ተኩል። «ትልቅ ራስ ነው፣ ማሻአላህ» አሉኝ። ሂሳብ አልተቀበሉኝም።

ሄልሜቱ በሰው እጅ መጣ። እናቴ ቡና ስታፈላ ከአቦል እስከ በረካ ላልፈታው ወስኜ አደረግሁት። እማዬ ሲኒውን ዘርግታ ቆየችና «አንተ ልጅ፣ በየት በኩል ልትጠጣው ነው?» አለችኝ። ቶና ላይ ስንደርስ ግንባሬን እንደ ሚስማር ይወጋኝ ጀመር። በረካን አልጠበቅኩም። ስፈታው መሐል ግንባሬ ላይ ቀይ ምልክት ወጥቷል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ቅርጹ ግን አይደለም። የእኔ ራስ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ይላል፤ ያኛው ለክብ ራስ የተሠራ ነው። በሌላ መንገደኛ መለስኩት። ወንድሜ ቢነጫነጭም የሌላ ፋብሪካ ለወጠልኝ።

ሁለተኛው ሦስቱንም ስኒ ጨረሰ። ጉንጬን ጨምድዶ ይይዛል፤ ሳወራ ጉንጬን እነክሳለሁ። ይሄ ችግር አይደለም፣ የጉንጩ ስፖንጅ በጊዜ ይላላል። ጠበቀ ብሎ አንድ ቁጥር የሚጨምር ሰው በኋላ እንደ እኔ ዓይኑ ላይ ይወርድበታል። ሄልሜቱን ግራና ቀኝ ሳዞረው የፊቴ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ሄደ። ማሰሪያውን በሁለቱ ቀለበት አሳልፌ አጠበቅኩና እህቴን ከኋላ ይዘሽ ወደ ፊት ጎትቺው አልኳት። በደስታ ጎተተች። አልወለቀም። በጎንና በጎኑ ሃንስ የሚባለው የአንገት መያዣ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ አለው። ሃንስ የሚሠራው ሁለቱንም ትከሻ ከሚይዝ የውድድር ቀበቶ ጋር ነው። የወንድሜ መኪና ያላት ግን ተራ ቀበቶ ነው፤ ለጊዜው ቀዳዳው ሥራ የለውም።

ወንድሜ በሚቀጥለው ዱባይ ኦቶድሮም የሚባለው ትራክ እንገባለን ይላል። አንዱ ዙር 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። እናያለን።

ባለፈው ቅዳሜ ሄልሜቱን ይዤ ሸዋበር ሄድኩ። ልብስ ሰፊው አባት በጣታቸው አንኳኩት፣ ገለበጡት፣ የውስጡን ስፌት ዳሰሱት።

«ስፌቱስ ሸጋ ነው» አሉኝ። «ለሞተር ነው?»

«አይ አባባ፣ ለመኪና።»

ትንሽ ዝም አሉና «መኪናው ጣሪያ የለውም እንዴ?» አሉኝ።