ቡና ከዕቅድ በታች

የእኛ ሥራ በር ማንኳኳት ነው። ሰፈሩ ደግሞ የትኛው በር እንደተንኳኳ ይቆጥራል። ጤና ጣቢያው አፍንጫቸው ሥር እያለ ከማራኪ አዘዞ ድረስ ሄደው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች ያሉት ለዚህ ነው። ጎንደር ላይ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን የሠራ ያውቀዋል።

እኔ አንዷን ቤት ማየት ስፈልግ የግቢውን በር በሙሉ አንኳኳለሁ። የአንዷን ልጅ የክትባት ካርድ አያለሁ፣ የሌላዋን ግፊት እለካለሁ፣ ቡና የተፈላበት እቀመጣለሁ። የትኛዋን ብዬ እንደመጣሁ ማንም አያውቅም።

ያን ሰሞን የምከታተላት አራስ (ሰፈሩን አልጠራም) ሴት ልጅ ወልዳለች። ቫይረሱ በደሟ አለ፤ መድኃኒቷን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ወዲያው ትጀምራለች፣ ዕድሜ ልኳን ትቀጥላለች። ሕፃኗም ቫይረሱ እንዳይተላለፍባት ለ6 ሳምንት የኔቪራፒን ሽሮፕ ታዞላታል። ባሏ ያውቃል። ሊያርሷት ከደንቢያ የመጡት አማቷ ግን አያውቁም።

ጭንቀቴ ሁለት ነበር። አንዱ ቅቤ ነው። አማትየዋ ልጅቱን ሊያልሷት ቋምጠዋል። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ የሚገባ ነገር የሕፃኑን አንጀት ይጎዳል፤ ለቫይረሱም መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው ልጅቱ መያዝ አለመያዟ የሚታይበት የ6 ሳምንቱ የደም ናሙና ነው። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በ40 ቀን ስለሆነ ይገጥምልን ነበር። የሴት 80 ነው። እስከዚያ አራሷን ማን ያስወጣል?

«ቅቤው ለእናትየዋ አናት ይሁን እማማ፣ ለልጅቱ ጡቱ ይበቃታል» እያልኩ ስደራደር ሱፐርቫይዘሩ በሩ ላይ ቆመ። ታናሽ ወንድሜ ቢሆን ነው።

«ሲስተር፣ አንድ ቤት ስንት ሰዓት ነው?»

«ግባ፣ ቡና ጠጣ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«የአራስ ቤት ቡናማ አይታለፍም ልጄ» ብለው አማትየዋ በርጩማ አቀረቡለት። አልተቀመጠም። አቦሉን በሦስት ፉት ጨርሶ ወጣ። ከኋላው ምን እንዳሉ አልጽፈውም።

ተከትዬው ወጣሁ።

«ቼክሊስቱ ላይ ያለችውን እናት አላሳየሽኝም» አለ።

«አሁን ቤቷ ቡና ጠጥተህ ወጣህ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም? መድኃኒቱን፣ ናሙናውን...»

«አማቷ ፊት?»

ዝም አለ። ገባው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል እስኪርቢቶ ተዋሰኝና መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ «የሰዓት አጠቃቀም ክፍተት አለ።» እስኪርቢቶውንም አልመለሰም።

እኔ ወደ ቡናዬ ተመለስኩ። በረካው ላይ፣ ነገር ሁሉ ሲላላ፣ «የ45 ቀን ክትባቷ እየደረሰ ነው» አልኩ። አማትየዋ ክርስትና ሳትነሳማ ከደጅ አትወጣም ብለው ጀመሩ። ትንሽ አሰቡና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ በ45 ቀን እንደተከተቡ ትዝ አላቸው። «ለክትባት ከሆነ እኔው ታቅፌያት እሄዳለሁ» አሉ።

ታቅፈዋት መጡ። እሳቸው ውጭ ሆነው ወረፋውን ሲቆጡ፣ ውስጥ ልጅቱ ጭኗን ተከተበች። ከዚያ ተረከዟ ተወግቶ የደሟ ጠብታ ለምርመራ የሚላከው ካርድ ላይ አረፈ። ያለ መድኃኒት ቢሆን ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ፤ በአግባቡ ሲወሰድ ከ5 በታች ይወርዳል። ቁጥሩን በቃሌ ባውቀውም ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ የለኝም። ነጻ ሆነች። ጡት ከተወች በኋላ በ18 ወሯ የተደረገላት የመጨረሻው ምርመራም ነጻ ነው።

ከዚያ በአንድ የግምገማ ስብሰባ ላይ ያው ሱፐርቫይዘር «ምርጥ ተሞክሮ» አቀረበ። አራሶችን በቡና ሰበብ መከታተል! ሰዓቱንም «ውጤታማ» አለው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ።

አሁን ወርሃዊው ሪፖርት ላይ «የቡና ውይይት ብዛት» የሚል ረድፍ አለ። ባለፈው ወር ከዕቅድ በታች ሆኜ ተጠየቅኩ። ጨጓራዬን አሞኝ ነው አልኩ። ምክንያት አይሆንም ተባልኩ።