ለመጡት አበል፣ ለጠገነችው ሰርተፍኬት

ይህን የምጽፈው እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ለማህበራዊ ኃላፊነት ከሚይዘው በጀት ጅማ ዙሪያ ላሉ ጤና ኬላዎች ሶላር ያስገባል። ከዚያው በጀት ሥራ ያጡ የከተማዋን ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶችን፣ ገጠማና ጥገና ያሰለጥናል። እኔ የመስክ አስተባባሪ ነኝ። ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ እዚሁ በኛ በኩል እየሠራ፣ በኩራዝ የሚያመሽ ቤት ግን ዛሬም ሞልቷል። መስመሩ እስኪደርስ ሶላር ለሰው ይደርሳል።

ሐምሌ ላይ ከአንዱ ጤና ኬላ ተደወለልኝ። «መብራቱ ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድርግም ይላል» አለችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ሶላሩ የተገጠመው በጥር ነው፤ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች መጡ። ባትሪውን ለኩት፤ 11.8 ቮልት። «ባትሪው ሞቷል። ደመናውም አላስሞላ ብሎታል። አዲስ ይታዘዝ» አለ ኃላፊያቸው፤ ወደ መኪናው ማየትም ጀመረ።

ከሰልጣኞቻችን አንዷ አብራን ነበረች። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ መንገድ ዳር የጀበና ቡና ስትሸጥ የኖረች ልጅ ናት። ባትሪው ጋ አልመጣችም። ውጭ ቆማ ጣራውን ታያለች። ከጤና ኬላው ጀርባ፣ በሰሜን በኩል፣ ትልቅ ዋንዛ አለ።

«ኢንጂነር፣ ባትሪው አይመስለኝም። ዛፉ ነው» አለች።

«ዛፉማ ስንገጥምም ነበረ።»

«ነበረ። በጥር ግን ጥላው ወደዚያ ነው የሚወድቀው። አሁን ወደኛ ዞሯል። እኔ ቡና ስሸጥ ዓመቱን ሙሉ ከጥላ ጋር ወንበር ሳዞር ነው የኖርኩት።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «እሷ ማን ናት?» አለኝ። እሷን አልጠየቃትም። አጠገቡ ቆማ እኔን ነው የጠየቀኝ።

ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በጥር ምንም ያልነካን ዛፍ በሐምሌ ፓኔሉ ላይ ያጠላል። የፓኔል ሴሎች ደግሞ ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። ጥቂቶቹ ላይ ጥላ ሲያርፍ የሌሎቹም ጉልበት ይወርዳል።

እሷ ክርክር ውስጥ አልገባችም። መሰላል አስመጣች። ደመናው ገለጥ ሲል «ጋሼ፣ ኮንትሮለሩ ላይ አምፒሩን ያንብቡልኝ» አለችኝ። ኮንትሮለሩ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው። 0.4 ይላል። ብሎኖቹን ፈታች፤ ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ ፓኔሉን ከጥላው ስባ አወጣችው። «አሁንስ?» 4.1። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ኃላፊው ዝም አለ። በመጨረሻ «እንግዲያው ዛፉን ቁረጡት» አለ። ከዋንዛው ሥር የጎረቤት ቡና አለ፤ ጥላው ለቡናው ያስፈልገዋል። «ዛፉ ለምን ይቆረጣል? ፓኔሉ በዚህ በኩል ይዙር። ገመዱ ስለሚረዝም ወፈር ያለ ይገዛልኝ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች። ጨረሰችውም። ባትሪው ያው የድሮው ነው፤ ዛሬም እያበራ ነው።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከሩቅ ለመጡት አበል ተወራረደ። ለልጅቷ ክፍያ ስጠይቅ «ሰልጣኝ ናት፣ ልምምድ ነው፤ ሰርተፍኬት ትወስዳለች» ተባልኩ። በዚያው ሰሞን የዓመቱ ሪፖርት ወጣ። «የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ የሰልጣኞቹ ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። እሷም እዚያ ውስጥ አለች። ሥራ ተፈጥሮላታል ማለት ነው፤ ደመወዝ ግን የላትም። ፋይናንስ ክፍል ቁጭ ብዬ ተከራከርኩ፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌያለሁ። በመጨረሻ የከፈሏት በቀን ሠራተኛ ፎርም፣ «ተሸካሚ» በሚል ነው። ፎርሙን አይታ ፈረመች። እኔ ግን እሷ ስትፈርም ማየት ከበደኝ።

በ2011 ዓ.ም የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶው መብራት የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጪ፣ በሶላርና በመሳሰሉት፣ እንዲሆን ነው ያቀደው። ያ ሁሉ ፓኔል ጠጋኝ ይፈልጋል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ቲሸርትና ባነር በጀት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ግን የተያዘ ገንዘብ የለም። ሥራው ያለው ደግሞ እነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው።

አሁን ጤና ኬላዎቹ የሚደውሉት በቀጥታ ለእሷ ነው። የትራንስፖርቱን ከኪሳቸው አዋጥተው ይሰጧታል። እኔ ለኃላፊዎቹ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፦ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ የጥገና ገንዘብ ይያዝ፣ ውሉም ካሰለጠንናቸው ልጆች ጋር ይፈረም፣ ሪፖርቱ ላይ «ሥራ አገኘ» የሚባለውም ደመወዝ የተቀበለ ሰው ብቻ ይሁን። መልስ አልመጣም። በየወሩ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ፤ የሚቀጥለውም ላይ አነሳዋለሁ።