ትንፋሽ ሲያጥር ከማስወጣት መጀመር

የትንፋሽ ማጠርን ያለ መድኃኒት ማስታገስን መማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰሞኑ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው አንድ አባት፣ መሐል ላይ እየደነገጡ ይመለሱበት የነበረውን ደረጃ እስከ ላይ ወጡት። መድኃኒታቸው ያው ነው፤ የተለወጠው አተነፋፈሳቸው ነው።

አቀማመጥን ቶሎ ለመድኩት። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክርንን ጭን ላይ ማሳረፍ፣ ቆመው ከሆነ ግድግዳ መደገፍ፣ ተቀምጦ መታጠብ፣ ድካም ሳይበረታ ማረፍ፤ እነዚህን ሕሙማኑም በቀላሉ ይይዟቸዋል።

እልህ ያስጨረሰኝ አየር ማስወጣት ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አየር ለመሳብ ይታገላል፤ አጠገቡ ያለውም «በረጅሙ ሳብ አድርግ» ይለዋል። የአየር ቧንቧቸው ለጠበበ ሕሙማን ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። የእነርሱ ችግር መውጫው ላይ ነው። ሲጣደፉ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ይደረብበታል፤ ሞልቶ በፈሰሰ እንስራ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው። ሳንባው ይነፋል፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ወደ ታች ተገፍቶ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጉልበት ያጣል፣ ለሚቀጥለው ትንፋሽ ቦታ አይቀርም። ከንፈርን አሞጥሙጦ በዝግታ ማስወጣት ግን በቧንቧዎቹ ውስጥ ጥቂት ግፊት ስለሚያቆይ ቶሎ እንዳይከደኑ ያግዛል፤ የታመቀው አየርም ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ማለማመዱ ነው ከባዱ። «ያስወጡ» ሲባሉ ብዙዎቹ በኃይል ይነፋሉ፤ በኃይል ሲነፉ ደግሞ የጠበቡት ቧንቧዎች ይበልጥ ይጨፈለቃሉ። ቁጥር ማስቆጠርም አንዳንዶቹን ያስጨንቃቸዋል። ለእኔ የሠራልኝ መስኮት ነው፤ ዓይናቸው በአጭሩ ጠርዝ ሲሄድ ያስገባሉ፣ በረጅሙ ጠርዝ ሲሄድ ያስወጣሉ። ደረጃ ላይ ደግሞ ቆመው ያስገባሉ፣ ሲረግጡ ያስወጣሉ። እኚያ አባት የወጡት በዚህ መንገድ ነው። ልምምዱ ግን በሰላሙ ሰዓት መሆን አለበት። ጭንቁ ከመጣ በኋላ ለማስተማር መሞከር ከንቱ ነው፤ ያን ጊዜ ንግግር ቀንሼ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፣ እኔው ራሴ በዝግታ እተነፍሳለሁ።

የእጅ ማራገቢያንም እወደዋለሁ። ከፊት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ ሲነፍስ፣ ቅዝቃዜው የፊትን ስሜት በሚያስተላልፈው በአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል የትንፋሽ ማጠር ስሜቱን ያቀልለዋል ተብሎ ይታመናል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ካለ ግን አልጠቀምበትም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ይለምናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የደማቸው ኦክስጅን በጣም ላልቀነሰ ሕሙማን በአፍንጫ ቱቦ የተሰጠው ኦክስጅን ከተራ አየር የተሻለ እፎይታ እንዳልሰጠ አሳይቷል። ስለዚህ የደማቸው ኦክስጅን ተለክቶ ደህና ከሆነ ማራገቢያውን አስቀድማለሁ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የከንፈር መጥቆር ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ሐኪም ያስፈልጋል።

የሌሊቱ ፍርሃት ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። «መሞቴ ነው» የሚለው ሐሳብ ትንፋሹን ያፋጥናል፣ የፈጠነው ትንፋሽ ሐሳቡን ያባብሳል። ከታማሚው ጋር ሆነን በራሱ አነጋገር አጭር ካርድ እንጽፋለን፦ ተቀመጥ፣ ጎንበስ በል፣ ማራገቢያውን ክፈት፣ አስወጣ። ካርዱ ከራስጌ ይቀመጣል። አንዳንዱን ያረጋጋዋል፤ ሌላው በጨለማ ውስጥ ካርዱም ትዝ አይለውም። ብቻቸውን የሚያድሩ ሕሙማንን የምትከታተሉ፣ ለዚህ ሰዓት ምን እንደሠራላችሁ ጻፉልኝ።