ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ስፈልግ አራት ቀን ሄደ

እህቴ ከወለደች 60 ቀን በሞላት ሐሙስ ከመሥሪያ ቤቷ ተደወለላት። «ፈቃድሽ አልቋል፣ ሰኞ ግቢ» አሏት። እሷ ግን ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን መሆኑን ከጓደኛዋ ሰምታለች። «አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትውለው፣ እስቲ አዋጁን ፈልግልኝ» አለችኝ። ዛሬ ማታ ይደርስሻል አልኳት።

ነጋሪት ጋዜጣ የሚጫንበት አንድ ድረ ገጽ ገባሁ። የላቀ ፍለጋ የሚለውን ከፈትኩ። የርዕስ፣ የቁጥርና የዓመት ሳጥኖች አሉት። መመሪያው ሁሉንም ሙሉ፣ ርዕሱንም አሟልታችሁ ጻፉ ይላል። አመንኩት። ቁጥሩን ስለማላውቅ ተውኩት። ርዕስ ላይ «አሰሪና ሰራተኛ»፣ ዓመት ላይ 2019 አልኩ። ምንም አልተገኘም። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። አዋጁ አልተጫነም ብዬ ደመደምኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አርብ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ አዋጆቹ ያሉበት ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ሁሉም ዌብሳይቱ ላይ አለ» አለኝ። አላገኘሁትም ስለው ራሱ ከፈተና ፊቴ ጻፈ። እሱም በእሳቱ «ሰ» ነው የጻፈው። ባዶ ገጽ መጣ። «ኔትወርክ ነው፣ ከሰዓት ሞክር» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ «ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ በንጉሡ «ሠ»። ሁለታችንም ልብ አላልነውም። እኔስ እንግዳ ነኝ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እነዚህን አዋጆች የሚያገላብጥ ሰው ነው። ያናደደኝም ይሄ ነው።

ቅዳሜና እሁድ እንዲሁ አለፉ። ሰኞ እህቴ ሥራ ገባች። ማታ ስትመለስ ሸሚዟ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ቦርሳዋን ከማስቀመጧ በፊት ሕፃኑን ታቀፈች። ከዚያ የሰጧትን ደብዳቤ አሳየችኝ። «በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/96 መሠረት» ይላል።

«ሠ»ዋን ያየኋት ያኔ ነው። እኛ ስናነብ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ሰ» እና «ሠ» የ«ለ» እና የ«መ» ያህል ይራራቃሉ። እንደ ደብዳቤው አድርጌ ጻፍኩ፣ ዓመቱን አጠፋሁ። ዝርዝሩ ወዲያው መጣ። 377/96 አለ፣ ከላዩ ደግሞ እሱን የሻረው 1156/2011። ዓመቱም አሳስቶኝ ኖሯል፤ ያው አዋጅ በአማርኛው ዓምድ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። ሳጥኑ የሚያውቀው የኛን ዘመን ብቻ ነው።

ፋይሉ ስካን ስለሆነ ውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም። ገጽ በገጽ ወርጄ አንቀጽ 88 ላይ ደረስኩ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ከደመወዝ ጋር። የድሮው 60 ነበር። መንገድ ላይ ለአባትም ሦስት ቀን እንዳለ አየሁ፤ የእህቴ ባል ከዓመት ፈቃዱ ነበር ያስቆረጠው።

ስለዚህ ሁሉንም ሙሉ የሚለውን አትስሙ። አንድ ሳጥን ብቻ ሙሉ፤ ቁጥሩን ካወቃችሁ እሱን ብቻ። ካላወቃችሁ ከርዕሱ አንድ ቃል ውሰዱና በሁለቱም ፊደል ሞክሩ፤ «ሕግ»ንም «ህግ»ንም፣ «ዓመት»ንም «አመት»ንም። «ወሊድ» ካልመጣ «የወሊድ» በሉ፣ አንዳንዱ ፍለጋ ቅጥያውን አይለይም። ዓመት አትንኩ። የድረ ገጹ ፍለጋ እምቢ ካለ የጎግልን የላቀ ፍለጋ ክፈቱ፤ የድረ ገጹን አድራሻ በሳይት ሳጥኑ አስገቡ፣ የፋይሉን ዓይነት ፒዲኤፍ አድርጉ። እኔ አሁን ከዚያ ነው የምጀምረው። ስታገኙም ሌላ አዋጅ ሽሮት እንደሆነ ሳታዩ አትዝጉት።

ማክሰኞ እህቴ አንቀጽ 88ን በእስክሪብቶ አስምሬበት ይዛ ሄደች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የአማርኛውን ዓምድ ሁለቴ አነበቡት። «በይ ተመለሽ፣ ቀሪውን ጨርሺ» አሏት። ሰኞን ግን ማንም አልመለሰላትም።